ከደጀ ሰላም መልስ፦ በየዕለቱ በእምነት ስንኖር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ እሑድ ሌሊት ከ10 ሰዓት ጀምሮ መንገዱ ነጭ ነው። ባጃጅ ሳይወጣ፣ ሱቅ ሳይከፈት፣ ሽማግሌው በከዘራው፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ወጣቱ ነጠላውን አጣፍቶ ወደየደብሩ ይወጣል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት ጀምሮ ባለ 44 ታቦት የምንላት ከተማ ናትና ደወል አይጎድልባትም። ረፋዱ ላይ ያው ሕዝብ ይመለሳል። የምጽፈው ስለዚህ መመለስ ነው። ወንጌሉን ሰምተን፣ ጠበሉን ጠጥተን፣ ደጀ ሰላሙን ተሳልመን ከወጣን በኋላ እስከሚቀጥለው እሑድ ያለው ስድስት ቀን ለማን ነው የሚውለው?

መምህር አይደለሁም። አራዳ ገበያ ጥራጥሬ የምሸጥ ሰው ነኝ። የምጽፋቸውን ስህተቶች ከጎረቤትም ከራሴም አይቻቸዋለሁ።

ጥቅስ ገንጥሎ መያዝ

«ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ።» ፊልጵስዩስ 4፥13። የባጃጅ መስታወት ላይ አለ፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ አለ። ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ይይዘዋል፣ ብድር የሚጠይቅ ነጋዴም ይይዘዋል። እኔም ሱቄን ሳሰፋ በትልቁ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። ሁለት ቁጥር ከፍ ብዬ ያነበብኩት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ይላል፤ መጥገብንም መራብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም ተምሬአለሁ ይላል። «እችላለሁ» ያለው ሐዘን ቤት ገብተን «ቻለው ወንድሜ» እንደምንለው ያለውን መቻል ነው፤ ቢመጣም ቢቀርም እሸከመዋለሁ ማለቱ ነው። እኔ ሱቄ ትሰፋለች ብዬ የሰቀልኩት ሌላ ቃል ነበር ማለት ነው።

ይህ ስህተት በጎንደር ሲሠራ ይበልጥ ያሳዝነኛል። የመጻሕፍት ትርጓሜ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ በሁለት የትምህርት ወገን የተለየው በጎንደር ዘመን ነው። የትርጓሜ መምህር አንድ ቃል ይዞ «አንድም… አንድም…» እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ማን ተናገረው፣ ለማን፣ ስለ ምን ሳይል አያልፍም። እኛ በዚያው አገር ተቀምጠን ጥቅሱን ከእናቱ ጉያ ነጥቀን እንሮጣለን። ዓይን ጨፍኖ መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ «ዛሬ ምን ይለኝ ይሆን» ማለትም የዚሁ ወንድም ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ዕጣ መጣያ አይደለም።

የወደዱትን ቁጥር ከመያዝ በፊት ምዕራፉን ከራሱ እስከ እግሩ ማንበብ ነው። ጊዜ የለኝም የሚል በፊልሞና ይጀምር፤ አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር ናት፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይደርስ ታልቃለች። ጳውሎስ በዚያች መልእክት ከጌታው ቤት ስለኮበለለ አንድ አገልጋይ ይለምናል፤ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ይላል። ይህችን «አገልጋይ» የምትል ቃል እንያዛት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዳዊቱን እየደገሙ ዳዊቱን አለመስማት

150ው መዝሙር አሥር አሥር እየሆነ «ንጉሥ» በሚባል በ15 ክፍል ተከፍሎ ለየቀኑ ተደልድሎ ይደገማል። መልካም ልማድ ነው፣ ይጠበቅ። የሚጎዳን አፍ እየሮጠ ልብ ሲቀር ነው። በግዕዙ ቁጥር 14ኛው መዝሙር አጭር ነው። «በድንኳንህ ውስጥ ማን ያድራል?» ብሎ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፦ በልቡ እውነትን የሚናገር፣ በባልንጀራው ላይ ክፋት የማያደርግ፣ ምሎ የማይከዳ፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር፣ መማለጃ የማይቀበል። ይህን መዝሙር በየሳምንቱ እየደገመ በአራጣ የሚያበድር ሰው አውቃለሁ። በግዕዝ ነው የሚደግመው፤ ግዕዙ ለእሱ ዜማ እንጂ ቃል አልሆነለትም።

ግዕዙ ካልገባን አማርኛው አጠገቡ አለ። ሳይገባኝ አንድ ንጉሥ ከምጨርስ አንዲቱን መዝሙር ተረድቼ ቀኑን ሙሉ ባመላልሳት ይሻለኛል። በዚህ የማይስማሙ አባቶች አሉ፤ ቃሉ ባይገባህም ይጠብቅሃል ይላሉ። አክብሬ እሰማቸዋለሁ፤ ግን አራጣው አሁንም አለ።

የሆድ ብቻ ጾም

ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ የነቢያቱ፣ የሐዋርያቱ፣ የፍልሰታው፣ የነነዌው ሲደመር ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉ በጾም ይሄዳል። ጾማችን ከተበላሸ የዓመታችን እኩሌታ ተበላሸ ማለት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

አንድ ሁዳዴ ዘመድ ቤት ተጠርቼ ነበር። ከ9 ሰዓት በኋላ ገበታው ቀረበ፤ ሽሮው ይንተከተካል፣ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ አዚፋው፣ ጎመኑ። የምታቀርበው ልጅ እግር ሠራተኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምራ ቆማለች፤ እሷም ጾመኛ ናት፣ ገና አልቀመሰችም። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ተብላ በእንግዳ ፊት ተሰደበች። ሳህኑን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ጣቶቿ በበርበሬ ቀልተዋል። አባወራው ጸሎት አደረሰና በላን። እኔም አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ጎረስኩ። እሷ መቼ እንደበላች አላውቅም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ኢሳይያስ 58ን ገለጥሁ። ነቢዩ ጾመኞቹን የሚከስሳቸው ሥጋ በላችሁ ብሎ አይደለም። በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ ብሎ ነው። ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ እያለ ስንት ዓመት አልፌዋለሁ። ቤታችን ሠራተኛ ካለች፣ በጾም ቀን ሥራው ይቀነስላት እንጂ አይጨመርባት። እሑድም እኛ ስናስቀድስ ቤት ጠባቂ ሆና የምትቀር ከሆነ ተራ ይግባ፤ አንዱን እሑድ እኛ ቤት እንጠብቅ፣ እሷ ታስቀድስ። ፊልሞናን ያነበበ ሰው ይህ አይከብደውም።

ደግሞ የተረፈው ምግብ የት ይሄዳል? ያው ምዕራፍ «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» ይላል። ለሥጋና ለቅቤ የምናወጣው ገንዘብ ኪሳችን ውስጥ ከቀረ ጾሙ ቁጠባ ሆነ። በሰፈራችን ጠዋት ጠዋት የቆሎ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻውን በዱላ እየተከላከሉ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላሉ። ስንቱ የዛሬ ሊቅ በዚህ ደጅ ለምኖ ተምሯል። እኛ ቤት በጾም ቀን ያልበላነው ቁርስ ለእነሱ ይቀመጣል፤ ትኩሱ ነው የሚሰጠው፣ የተረፈው አይደለም። ልጆቼ በሩን ለመክፈት ይሽቀዳደማሉ።

የሰው ጾምም አንቁጠር። ሕመምተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ የምታጠባዋ እናት ከነፍስ አባታቸው ጋር የሚጨርሱት ነገር ነው። ወተት ስትጠጣ ያየ ጎረቤት ምን አገባው?

ቁርባንን ለእርጅና ማቆየት

«ስንሸመግል እንቆርባለን» የሚለው አነጋገር ከየት እንደመጣብን እንጃ። ጌታ በዮሐንስ 6 «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ሲል ዕድሜ አልጠቀሰም። 30 ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ሳያጓድል አንድ ቀን ያልቆረበ ሰው በየደብሩ ሞልቷል። ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱን አከብራለሁ። ግን ፍርሃቱ ወደ ንስሐ ካላደረሰው ምን ሊረባው ነው? የነፍስ አባታችን ቤታችን የሚመጡት ጠበል ሊረጩ፣ ዝክር ሊባርኩ፣ ተዝካር ላይ ሊቀመጡ ብቻ ከሆነ ነፍሳችንን ለማን እናሳያታለን? በዓመት አንዴ እንኳ ብቻችንን፣ ያለ ድግስ፣ ቁጭ ብለን እናናግራቸው።

ብዙ ጊዜ የሚያግደን ደግሞ ዕድሜ ሳይሆን ቂም ነው። በአባታቸው ቦታ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች አውቅ ነበር። ስድስት ዓመት በአንድ ደብር አስቀደሱ፤ አንዱ በአንዱ የግቢ በር፣ ሌላው በሌላው እየገቡ። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ፣ ሄደህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ሁለቱም ይህን በቃላቸው ያውቁታል። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባና አንዲት ክንድ መሬት ለአንዱ ተጨምራ ታረቁ። ለአንዲት ክንድ ስድስት ዓመት።

ስለትን ውል ማድረግ

ሐናም ተስላለች፤ ስለት ክፉ አይደለም። «ልጄ ፈተናውን ካለፈ ጃንጥላ አገባለሁ» ያለ ሰው ልጁ ሲያልፍ ከረሳ ግን መክብብ «ባትሳል ይሻላል» ይለዋል። ሳይሆንለት ሲቀር ታቦቱን የሚወቅስም አለ፤ ያ ጸሎት አልነበረም፣ ንግድ ነበር።

ጥምቀትን የአንድ ቀን ማድረግ

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የቆመ ሰው ይህን ይረዳል። ቀሚሱ ይሁን፣ ጭፈራው ይሁን። ነገር ግን ከዚያ ውኃ ዘሎ የገባ ሁሉ እንደ አዲስ የተጠመቀ የሚመስለው አለ። እኛ የተጠመቅነው በ40 በ80 ቀናችን ነው፤ ጥር 11 የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ ነው። በ40 ቀናችን የተገባልንን ቃል ጥር 13 ቀን ሥራ ስንገባ ማስታወስ ይከብዳል፤ የሚያስፈልገው ግን ያኔ ነው።

ጠበል ይዞ መድኃኒት መጣል

የስኳር ሕመም ያለባት አንዲት ጎረቤታችን መድኃኒቷን ትታ ጠበል ቦታ ገባች። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ያላት ሰው ቄስ እንኳ አልነበረም። በቃሬዛ ነው የወረደችልን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሲራክ ነው። ምዕራፍ 38 ላይ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አሳስበዋል። ጠበሉን በእምነት እንጠጣ፣ እንክብሉንም በሰዓቱ እንዋጥ። በእግዚአብሔር ስም መድኃኒት የሚያስጥል ሰው ሲያጋጥመን፣ ዝም አንበል።

ገበያውን ለእግዚአብሔር አለመስጠት

ይህን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ስለሚከብደኝ ነው።

ዕለቱ የወሩ 12 ነበር። ፊት ሚካኤል አስቀድሼ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ ሱቄን ከፈትሁ። አንዲት እማሆይ ግማሽ ኪሎ ምስር ሊገዙ መጡ። ሚዛኔ የድሮ ባለ መርፌ ናት። ምስሩን ላፈስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሚዛንህ ሳይጭኑት ይመዝናል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰሃኑ ባዶ ነው፤ መርፌው ግን ከዜሮ አንድ ጭረት አልፎ ቆሟል።

«አርጅታ ነው፣ እማሆይ» አልኩ።

ምንም አላሉኝም። ምስራቸውን ተቀብለው፣ ከፍለው ሄዱ። መርፌው ከመቼ ጀምሮ እንደዚያ እንደቆየ አላውቅም። ማወቅ እንዳልፈለግሁ ግን አውቃለሁ። በየቀኑ ፊቴ ነው ያለው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ መላእክቱ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደየአቅጣጫው ይመለከታሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያቸው ውብ ሥዕል ናቸው እላለሁ። ያን ቀን ግን የምሳሌ 11 መጀመሪያ ትዝ ሲለኝ፣ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው የሚለው፣ እነዚያ ዓይኖች ናቸው የመጡብኝ።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። «አባ፣ ገዢዎቼን የት ብዬ ልፈልጋቸው?» አልኳቸው።

«ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው፤ አንተም መጀመሪያ ውረድ» አሉኝ። «ያገኘኸውን መልስለት። ላላገኘኸው ለሚመጣው ሁሉ ጨምረህ መዝን፤ ለድሀ ደግሞ ያለ ሚዛን ስጥ።»

ብሎኑን አስጠበቅሁ። የማውቃቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሁለቱ ተቆጡ፣ አንዱ ከዚያ ወዲህ አልመጣም፣ አልፈርድበትም። አሁን ጠዋት ሱቁን ስከፍት ያችን 14ኛ መዝሙር በአማርኛ አነባለሁ፤ ከዚያ ስልኬን ሳላይ ሰሃኑን በጨርቅ ጠርጌ መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን አያለሁ። ግድግዳው ላይ የነበረውን ጥቅስ አላወረድሁትም፤ ከበላዩ ግን 11ኛውንና 12ኛውን ቁጥር በእጄ ጽፌ ለጥፌበታለሁ።

እማሆይ አሁንም ይመጣሉ። ምስሩን ከማየታቸው በፊት መርፌውን ያያሉ።