ከአንድ በላይ ፐርል ያለው ሰርቨር ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

«አቦ፣ ሞጁሉን ኢንስቶል አድርጌዋለሁ እኮ፣ አይታየውም!» እያለ የሚደውልልኝ፣ ፐርል በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ ሞጁል ማለት ተጨምሮ የሚገባ የኮድ ጥቅል ነው። መልሴ ሁሌ አንድ ነው። ለየትኛው ፐርል?

አንድ ማሽን ላይ ሁለት ፐርል ካለህ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ አንድ፣ መጋላ አንድ ቤት አለህ ማለት ነው። ከዚራ ያስቀመጥከውን ስኳር መጋላ ሆነህ ጓዳ ብትበረብር አታገኘውም፤ የደቻቱን ወንዝ መሻገር አለብህ። እያንዳንዱ ፐርል የየራሱ ጓዳ አለው። «ፐርል» ብለህ ትልቁን ቪ ከሰረዝ ጋር ስትሰጠው፣ ሞጁል የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች መጨረሻ ላይ ይዘረዝርልሃል። ከመደወልህ በፊት እሱን እይ።

ሲፓንኤምን (ሞጁል አውርዶ የሚያስገባውን መሣሪያ) በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም ማስገቢያ) ያስገባ ሰው ደግሞ በፐርልብሩ (በርካታ ፐርሎችን ጎን ለጎን በሚተክለው መሣሪያ) ወደ አዲሱ ፐርል ቢቀይርም ሞጁሎቹ እዚያው አሮጌው ቤት ይገባሉ፤ ምክንያቱም የአፕቱ ሲፓንኤም ሁሌ የሚሠራው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር በመጣው፣ በሲስተሙ ፐርል ነው። ፐርልብሩ ራሱ ሲፓንኤም የሚያስገባበት ትእዛዝ አለው፣ በዚያ አስገባው።

የሲስተሙን ፐርል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ሲፓን የሚባለውን ሌላውን የሞጁል ማስገቢያ እያስነሱ መነካካትም ይቅር። እሱ ያንተ አይደለም፣ የኡቡንቱ ነው። በሲፓን ያስገባኸው ሞጁል በአፕት ከመጣው ቀድሞ ስለሚነበብ፣ ዴብኮንፍን የመሳሰሉ በፐርል የተጻፉ የሲስተሙ መሣሪያዎች ያልጠበቁት ቨርዥን ሊገጥማቸው ይችላል። ለሲስተሙ አፕት፣ ለራስህ ሥራ ፐርልብሩ። ሩት (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) እንኳ አያስፈልግህም።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ሰርቨራችንን ከኡቡንቱ 20.04 ወደ 22.04 አሳደግን፤ ፐርሉም ከ5.30 ወደ 5.34 ሄደ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ የድሮ ሞጁሎቼን ፎልደር በባሽአርሲ (ተርሚናል ሲከፈት በሚነበበው ፋይል) ውስጥ፣ ፐርል ሞጁል የት እንደሚፈልግ በሚነገርበት ፐርል ፋይቭ ሊብ በሚባል ተለዋዋጭ አስሬው ነበር። ይህ ተለዋዋጭ ፐርል አይመርጥም፣ ማሽኑ ላይ ያለ ፐርል ሁሉ ያነበዋል። በፐርል ብቻ የተጻፉት ሞጁሎች ብዙዎቹ ዝም ብለው ሠሩ። የዳታቤዙ ሞጁል ግን በሲ ቋንቋ ተጽፎ ለ5.30 የተገነባ ስለሆነ «አንጣጣምም» ብሎ ቆመ። በዚያ የግንቦት ሙቀት፣ ቬንትሌተሩም በቆመበት፣ ግማሽ ቀን ዳታቤዙን ስወቅስ ዋልኩ። ምስኪን ዳታቤዝ! ፎልደር አትቅዳ፣ አታጋራ። ፐርልብሩ በድሮው ፐርል ስር ያሉትን ሞጁሎች ስም ዘርዝሮ ያወጣልሃል፤ ዝርዝሩን ለአዲሱ ሲፓንኤም አቀብለውና እንደገና ይገንባቸው።

ክሮንም አለ፣ ስክሪፕት በተቀጠረለት ሰዓት ራሱ የሚያስነሳው። ተርሚናል ላይ የሠራ ስክሪፕት ሌሊት የሚሞተው ክሮን ባሽአርሲህን ስለማያነብ ነው፤ ፐርልብሩ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ የሲስተሙን ፐርል ይጠራል። ክሮን መስመሩ ላይ የምትፈልገውን ፐርል ሙሉ አድራሻ ጻፍለት። አለቀ።

የምትጠቀምባቸውን ሞጁሎች ሲፓንፋይል በሚባለው የዝርዝር ፋይል ላይ አለመጻፍ ደግሞ ስንፍና ነው። ሲፓንፋይል ካለህ አዲስ ፐርል በተከልክ ቁጥር አንድ ትእዛዝ ይበቃሃል። መሀል ላይ መብራት ቢሄድም ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ድገመው፤ የገባውን እየዘለለ የቀረውን ይጨርሳል።