የቤታ-ኦስሎ ስሌት አልወጣ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

የኒኬል-69 ግማሽ ዕድሜ 11 ሰከንድ ገደማ ነው። ከሱ ዒላማ ሰርቶ ኒውትሮን መተኮስ የማይታሰብ ነው። ነገሩን ገልብጠን ኒውትሮኑን ዒላማ እናድርገው ብንልም አይሆንም፤ ኒውትሮን ብቻውን ሲቀር በአማካይ 15 ደቂቃ እንኳን አይቆይም። ይሁን እንጂ እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እንዴት እንደተሰሩ ለማስላት፣ እንዲህ ያሉ ያልረጉ ኒውክለሶች ኒውትሮን የመያዝ ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ግድ ይላል።

ስለዚህ በሌላ በር እንገባለን። ኒኬል-69 ኒውትሮን ቢይዝ የሚፈጠረው በኢነርጂ የተሞላ ኒኬል-70 ነው። ኮባልት-70 በቤታ (ኤሌክትሮን እየለቀቀ) ሲፈርስ የሚወለደውም ያው ኒኬል-70 ነው። ጋማ ጨረር እየለቀቀ እንዴት እንደሚረጋጋ ከለካን ሁለት ነገር እናገኛለን። አንዱ በየኢነርጂው ኒውክለሱ ሊያርፍባቸው የሚችል ስንት ደረጃ እንዳለ ነው፤ የደረጃ እፍግታ እንበለው። ሌላው ጋማ የመልቀቅ ጥንካሬው ነው። ሁለቱን ሃውዘር-ፌሽባክ የሚባለው ስሌት ውስጥ ስናስገባ ኒውትሮን የመያዝ ዕድሉ ይወጣል። ዘዴው ቤታ-ኦስሎ ይባላል። በ2014 ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለው ላብራቶሪ የጋሊየም-76ን ፍርሰት በመለካት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው። የለካውም ሰን የተባለ በርሜል መሰል የሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር ነው።

ዘዴው ያምራል፤ ግን ብዙ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ከታች ያሉት ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥሙት ናቸው።

የታችኛው ደረጃ ከሚገባው በላይ ሲሞላ

ቤታው በቀጥታ የመገበው የታችኛው ደረጃ ከተለመደው መረጃ በጣም በልጦ ይታያል። ሰው እዚህ ጋ አዲስ ግኝት ያገኘ ይመስለዋል። ቀስ በሉ።

ጋሊየም-76 ሲፈርስ የሚወለደውን ጀርማኒየም-76ን በቅርብ እንየው። የመጀመሪያው ደረጃ 563 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ላይ ነው፤ ቀጣዩ 1108 ላይ። ኒውክለሱ 1108 ላይ ካረፈ አንድም በአንድ ዝላይ ይወርዳል፣ አንድም መጀመሪያ 545 ቀጥሎ 563 ይለቃል። ዲቴክተሩ ሁለቱንም ጋማ ከያዘ ድምሩ 1108 ይሆናል። ነገሩ እንደዚህ ሲሆን ጥሩ ነው። 563ቱ ሳይያዝ ካመለጠ ግን ድምሩ 545 ብቻ ይሆናል። ሶዲየም አዮዳይድ 545ን ከ563 ለይቶ የማየት አቅም የለውም። ስለዚህ ያ ፍርሰት 563 ደረጃ ላይ በቀጥታ ያረፈ መስሎ ይመዘገባል። ጉዳዩ ይኸው ነው።

በተቃራኒውም ይከሰታል። ከቤታው የወጣው ኤሌክትሮን ራሱ ዲቴክተሩ ውስጥ ገብቶ ድምሩን ወደ ላይ ይገፋዋል።

መፍትሄው የዲቴክተሩን ምላሽ ጂአንት4 በሚባለው የማስመሰያ ሶፍትዌር በየደረጃው አስመስሎ ማስላት ነው፤ ኤሌክትሮኑንም ጨምሮ። ከዚያ መረጃው የሚዘረጋበት ማትሪክስ (አንዱ ዘንጉ የየጋማው ኢነርጂ፣ ሌላው የድምሩ የሆነ ሠንጠረዥ) ላይ የጋማውን ዘንግ ብቻ ሳይሆን የድምሩንም ዘንግ ማረም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አርሞ ሁለተኛውን ይተወዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው የድምሩን ዘንግ ነው፤ ኋላ ላይ የሚታየው ጥፋት አብዛኛው እዚህ ነው የሚጀምረው።

ማትሪክሱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲወጣ

ድምሩ ምንም ይሁን ምን 511 ወይም 1461 ላይ የማይነቃነቅ መስመር ካያችሁ፣ የመጀመሪያው ከፖዚትሮን መጥፋት፣ ሁለተኛው ከአካባቢው ፖታሲየም-40 የመጣ ሊሆን ይችላል። ሌላ መስመር ከሆነ ደግሞ ልጁን፣ ማለትም ከፍርሰቱ የተወለደውን ኒውክለስ፣ ጠርጥሩ። ኒኬል-70 ራሱም በ6 ሰከንድ ገደማ ግማሽ ዕድሜ ይፈርሳል። ከገባው አይዮን (ከሚፈርሰው ኮባልት-70) በኋላ ያለውን የጊዜ መስኮት አጥብቡ። ከዚያ ጊዜውን ወደ ኋላ ገልብጣችሁ በአጋጣሚ የተገጣጠሙትን ቁጠሩና ቀንሱ።

የመጀመሪያው ጋማ ሲነጠል ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ

ከየደረጃው መጀመሪያ የወጣውን ጋማ ለመነጠል፣ ከስሩ ያሉት ደረጃዎች የሚለቁትን እንቀንሳለን። ይህ የሚሰራው አንድ ደረጃ በቤታ ተመገበም በጋማ የሚለቀው ጨረር ተመሳሳይ ከሆነ ነው። በመሃል ቆየት የሚል ደረጃ ካለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ኒኬል-70 ላይ 2860 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ስፒኑ (የመሽከርከር መጠኑ) 8 የሆነ፣ ግማሽ ዕድሜው 232 ናኖ ሰከንድ የሆነ ደረጃ አለ። የመሰብሰቢያው መስኮት ከዚያ ካጠረ የታችኛው ጋማ ከድምሩ ውጪ ይቀራል። መስኮቱን አስፉ፤ ካልተቻለ ያንን ክፍል ለብቻው አስተካክሉ።

የደረጃ እፍግታው ተዳፋት እንደፈለገ ሲሆን

ከባዱ ይህ ነው። ማትሪክሱ የሚነግረን የሁለቱን ነገሮች ብዜት ነው። እፍግታውን በአንድ ኤክስፖነንሻል ብታባዙት፣ የጋማውን ክፍልም በዚያው ልክ ብታባዙት፣ መረጃው ምንም አይለውም፤ ሁለቱም እኩል ይገጥማሉ። ታች ላይ የታወቁ ደረጃዎች ስላሉ ያስይዙናል። ላይ ላይ ግን፣ ኒውትሮን መውጣት በሚጀምርበት ኢነርጂ (መለያ ኢነርጂ)፣ ሌላ ምሰሶ ያስፈልጋል። ለረጉ ጎረቤቶች ያ ምሰሶ ከኒውትሮን ሬዞናንስ (ኒውትሮን በተለየ ሁኔታ በብዛት ከሚያዝባቸው ኢነርጂዎች) መለኪያ ይገኛል። ለኒኬል-70 እንዲህ ያለ መለኪያ የለም።

በዚህ ላይ ስፒን አለ። የተፈቀደ የሚባለው ቀላሉ የቤታ ፍርሰት ስፒንን ቢበዛ በ1 ነው የሚቀይረው፤ ዳይፖል የሚባለው የጋማ ዓይነት ደግሞ ሌላ 1 ይጨምራል። ስለዚህ ያየነው ጠባብ የስፒን መስኮት እንጂ ሙሉውን አይደለም።

እዚህ የሚሰራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፦ ጠባቡን እፍግታ ከሙሉው ጋር በቀጥታ ማስተያየት። መጀመሪያ ከሙሉው ውስጥ በዚያ መስኮት የሚወድቀውን ድርሻ አስሉ። መረጃውን በዚያ ድርሻ አስተካክሉ፤ ሃውዘር-ፌሽባክ ውስጥ የምታስገቡት ግን ሙሉውን ነው። ተዳፋቱን ለብቻ ለማግኘት በ2021 የቀረበው የቅርጽ ዘዴ ይረዳል። ከአንድ ከፍታ ወደ ሁለት የታወቁ የታች ደረጃዎች የሚወርዱትን ጋማዎች ያወዳድራል። ቢያንስ አንዱን ምሰሶ ከሞዴል ጥገኝነት ያላቅቃል። ብትችሉ ሁልጊዜ ተጠቀሙበት።

የጋማው ጥንካሬ ዝቅተኛ ኢነርጂ ላይ ሽቅብ ሲታጠፍ

ይህ እውነተኛ ክስተት ሊሆን ይችላል፤ በ2004 በብረት ኒውክለሶች ላይ የቤታ-ኦስሎ መነሻ በሆነው በኦስሎ ዘዴ ታይቷል። ግን ከላይ ያየነው የቅነሳ ጥፋትም እንዲህ ሊመስል ይችላል። የታችኛውን የጋማ ገደብ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረጋችሁ ድገሙት። እጥፋቱ ከገደቡ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አትመኑት።

ፍርሰቱ ኒውትሮን መለያ ኢነርጂ ጋ ሳይደርስ ሲቀር፣ ወይም ሲያልፈው

የጋሊየም-76 ፍርሰት የሚለቀው 6.9 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ነው፤ በጀርማኒየም-76 ኒውትሮን የሚለየው ግን በ9.4 ነው። መሃሉ ያልተለካ ነው። ያንን ክፍተት በሞዴል ስትሞሉ የስህተት ወሰኑን አስፉ፤ መስመር ብቻ ስባችሁ አትለፉ። ኮባልት-70 ደግሞ አልፎ ይሄዳል። ከመለያው በላይ ኒውትሮን ራሱ ሊወጣ ስለሚችልና ዲቴክተሩ ውስጥ የራሱን ጋማ ስለሚያስነሳ፣ ትንታኔውን እዚያው መለያው ላይ ቁረጡት።

ሁሉም ተስተካክሎ መረጃው አልገጥም ሲል

ደረጃዎቹን ቁጠሩ። ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ በተዘጋ ሼል (ሞልቶ በተዘጋ ንብርብር) አጠገብ ከሆኑ፣ መለያው ኢነርጂ ጋ እንኳን ደረጃዎቹ ጥቂት ይሆናሉ። ዘዴው በሙሉ የቆመው ደረጃዎቹ ተጨናንቀው አማካይ መውሰድ ይቻላል በሚለው ላይ ነው። እዚያ ቦታ ኒውትሮኑ በቀጥታ የሚያዝበት መንገድ ይጎላል፤ ሃውዘር-ፌሽባክ ያንን አያሰላም። ቤታ-ኦስሎን ትታችሁ፣ ኒውትሮን ወደ ኒውክለሱ የሚያስተላልፉ ምላሾችን ወደሚለካ ሙከራ ሂዱ።