የተያዘብኝን የመጨረሻ ደመወዝ ያስለቀቅሁት እንዲህ ነው

የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ሥራ ስለቅ፣ ድርጅቱ ደመወዜንና ያልወሰድኩትን የዓመት ፈቃድ ክፍያ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ አንጠለጠለው። መፍትሔው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 ውስጥ ነበር፤ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ሒሳብ ሳይመልስ ከዘገየ ነው። ስለዚህ የተፈረመበትን የርክክብ ሰነድ ቅጂ አያይዤ፣ አንቀጹን ጠቅሼ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ የራሳችሁ ቅጂ ላይ ማኅተም አስመቱ፤ በቃል የተጠየቀ ይካዳል! አንቀጽ 38 ደግሞ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ሳይሆን ክፍያ ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ስጠቅስ ክፍያው ወዲያው ባንክ ገባ። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ አብራችሁ ጠይቁ።