ለአሮጌ ካምፐር ቫን መለዋወጫ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት፣ እኔም የወደቅኩበት፣ የመኪናውን ዕድሜ ከሊብሬው ላይ አንብቦ ዕቃ ማዘዝ ነው። አልጋና ምድጃ ተገጥሞለት ካምፐር የሆነው የቮልስዋገን ታይፕ 2 ቫኔ ወረቀት በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በዚሁ ነው) 1970 ስለሚል፣ «የ1970 ቸርኬ» ብዬ አራት አዘዝኩ። ካርቶኑን ከፍቼ አንዱን ወደ ፊት እግሩ ሳስጠጋው መሳቅም መናደድም አማረኝ፤ የቸርኬው አምስት ቀዳዳዎች ወደ ጠርዙ ሸሽተዋል፣ የመኪናው አምስት ብሎኖች ደግሞ መሃል ላይ ተሰብስበዋል። ሻጩ አላጠፋም። በፋብሪካው አሠራር አዲስ ሞዴል ይጀምር የነበረው በጃንዋሪ ሳይሆን በኦገስት ነው፤ በ1970 መጨረሻ ላይ የወጣው ቫኔ የ1971 ሞዴል ነበር። ለዚያ ሞዴል የፊት ዲስክ ፍሬን ሲመጣለት፣ ብሎኖቹ የሚደረደሩበት ክብም ከ205 ወደ 112 ሚሊ ሜትር ጠቧል። ይህ ሁሉ ሻንሲው ላይ ተጽፎ ነበር፦ በዚያ ዘመን ታይፕ 2 የሻንሲ ቁጥር ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው። የእኔ 1 ይላል። ጎንበስ ብዬ ባየው ኖሮ አራቱ ቸርኬዎች ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ተደርድረው ባልቀሩ ነበር።

ሁለተኛው፣ ካምፐሩን አንድ መኪና አድርጎ ማየት ነው። ሁለት ነው። ሞተሩንና ሻንሲውን አንድ ፋብሪካ ይሠራል፤ አልጋውን፣ ምድጃውንና የሚነሳውን ጣሪያ ብዙ ጊዜ እንደ ዌስትፋሊያ ያለ ሌላ ድርጅት ይገጥማል። የፍሪጁን መለዋወጫ የመኪና ዕቃ ሻጭ ዘንድ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የፍሪጁን በር ከፍተው ውስጡ የተለጠፈውን የሞዴልና የቁጥር ምልክት ይቅዱ፤ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

በአንድ ስም ብቻ መፈለግም ያስከፍላል። ከ1981 ጀምሮ የወጣው የመጀመሪያው ፊያት ዱካቶ፣ ፔጆ ጄ5 እና ሲትሮየን ሲ25 በመሠረቱ አንድ ቫን ናቸው። በር፣ መስታወትና የመሳሰሉት በአንዱ ስም ቢጠፉ በሌላው ይገኛሉ። ሞተር ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ሊለያይ ይችላል።

«ሳይነካ የቆየ ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ልብ ያማልላል። ለብረት እሺ። ጎማና ቱቦ ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጠውም ያረጃሉ። ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ ባለአራት አሃዝ ቁጥር አለው፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። የቤንዚን ቱቦ ከሆነ ደግሞ ኢታኖል የተቀላቀለበትን ነዳጅ የሚቋቋም አዲስ ይግዙ። የድሮው ላስቲክ በኢታኖል ይበላል፣ ሞተሩ ከኋላ በሆነ ቫን ላይ ደግሞ የሚንጠባጠበው ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ነው የሚያርፈው። እዚህ ላይ ቁጠባ አልወድም።

የጋዝ ዕቃ ሲቀይሩ ግፊቱን ሳያነቡ አይግጠሙ። ብዙዎቹ የድሮ የጀርመን ካምፐሮች በ50 ሚሊባር፣ አዲሶቹ በ30 ይሠራሉ። የጋዙን ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተርና ምድጃው አንድ ቁጥር ካልያዙ ነገሩን ለጋዝ ባለሙያ ይተዉት።

የተሰበረውን ዕቃ ደግሞ አዲሱ መጥቶ በትክክል ሳይገጠም አይጣሉ። የመስኮት መያዣ ፕላስቲክ ለሦስት ቢሰበር እንኳ በሙጫ ገጣጥመው በካሊፐር (ውፍረትና ስፋት በሚሊ ሜትር በሚለካው መሣሪያ) ይለኩት፤ ለሻጩም ፎቶውን ከጎኑ ማስመሪያ አድርገው ይላኩ። በመጨረሻ ዕቃው ከየትም ባይገኝ፣ ያ የተለጠፈ ስብርባሪ አዲስ ለሚቀርጽልዎ ሰው ብቸኛው ናሙና ነው።