ዜድራምን ስትከታተሉ የሚያሳስቷችሁ ቁጥሮች

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉ ኮፒ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ፋታ የላቸውም። ተማሪው ፍላሽ ይዞ ይሰለፋል። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሊብሬኦፊስ፣ ብዙ የብሮውዘር ታብ፣ ቴሌግራምና ስካነር አንድ ላይ ይከፈታሉ። ራሙ ግን 4 ጊጋባይት ነው።

ሊኑክስ ለተጫነበት እንዲህ ላለ ማሽን ዜድራም ትልቅ እፎይታ ነው። ራም ውስጥ ብሎክ ዲቫይስ፣ ማለትም እንደ ዲስክ የሚታይ ቦታ፣ ይፈጥራል። ወደ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዳታ ለጊዜው ወደሚወጣበት ቦታ) የሚሄደውን ገጽ፣ ማለትም ትንሽ የራም ቁራጭ፣ ዲስክ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ጨምቆ እዚያው ራም ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንድሮይድ ስልኮች ይጠቀሙበታል። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም ከ33ኛው ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሲጫን ጀምሮ አብሮት ይመጣል።

ጣጣው የሚመጣው ከተተከለ በኋላ ነው። ቁጥሮቹን አጣሞ ያነበበ ሰው ደህናውን ማሽን ይነካካል፤ የተጨነቀውን ደግሞ «ምንም አልሆነም» ብሎ ይተወዋል። እኔ የማየው ስህተት በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ይነሳል፦ ዜድራም ስንት ራም እየበላ ስንት ራም እንዳተረፈ ሳይጠይቁ ሌላውን ቁጥር ሁሉ ማሳደድ።

የዲስኩን መጠን እንደ ፍጆታ መቁጠር

ዜድራምሲቲኤል የሚባለውን ትእዛዝ ስትጽፉ «ዲስክሳይዝ» በሚለው ዓምድ ስር 4 ጊጋባይት ብታዩ አትደንግጡ። ያ የጎተራው ስፋት እንጂ ውስጡ ያለው እህል አይደለም። ገጽ ካልገባበት የሚይዘው ራም ከመጠኑ 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቢሆንም እጅግ አግዝፎ መፍጠር ጥቅም የለውም። ጭመቃው በአማካይ ግማሽ በግማሽ ይሆናል ተብሎ ስለሚገመት፣ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሰነድ ራሱ ከራሙ እጥፍ በላይ ማድረግ ብዙም ፋይዳ እንደሌለው ይናገራል።

ሁለተኛውን ቁጥር ይዞ ሦስተኛውን መርሳት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። በሲስ ማውጫ ውስጥ፣ ብሎክ ከሚለው ስር፣ በየዲቫይሱ ስም «ኤምኤም ስታት» የሚባል ፋይል አለ። ስትከፍቱት ርዕስ የሌለው አንድ መስመር ታገኛላችሁ። ለምሳሌ እንዲህ ያለ፦

1258291200 398458880 461373440 0 650117120 9100 0 3200 8700

የመጀመሪያው ቁጥር ሳይጨመቅ የነበረው መጠን ነው፤ 1,200 ሜጋባይት። ሁለተኛው ሲጨመቅ የሆነው፤ 380 ሜጋባይት። ብዙ ሰው አንደኛውን ለሁለተኛው አካፍሎ «ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመቀልኝ» ይላል። ሦስተኛውን አላየውም። ሦስተኛው ዜድራም በእርግጥ ከራሙ የወሰደው ነው፤ 440 ሜጋባይት። ልዩነቱ የተጨመቁትን ገጾች የሚደረድረው የማኅደረ ትውስታ አከፋፋይ በየመሀሉ የሚያባክነውና ለራሱ ሥራ የሚይዘው ቦታ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ስሌት 1,200 ለ440 ነው፤ 2.7 እጥፍ ገደማ። ያተረፋችሁት ራም ደግሞ 760 ሜጋባይት። እኔ ብሆን ከመስመሩ ሁሉ መጀመሪያ የማወጣው ይህንን ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ርቀት ከሰፋ እዚያው ማውጫ ውስጥ «ኮምፓክት» በሚለው ፋይል ላይ 1 ጻፉ። የተበታተነውን ሰብሰብ አድርጎ የቻለውን ገጽ ይለቃል። ስንት እንደለቀቀ ሰባተኛው ቁጥር ይነግራችኋል።

ባይትና ገጽን ማደባለቅ

በዚያው መስመር ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቁጥሮች በባይት ናቸው። ከስድስተኛው ጀምሮ ያሉት የገጽ ቆጠራ ናቸው። በተለመዱት ኮምፒውተሮች አንድ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ ስምንተኛው ላይ ያለው 3200 ማለት 12.5 ሜጋባይት ነው። ይህ ቁጥር አልጨመቅ ብለው እንዳሉ የተቀመጡትን ገጾች ይቆጥራል። ቀድሞ የተጨመቀ ወይም የተመሰጠረ ዳታ ሲበዛ ያድጋል። ከፍ ካለ ዜድራም እዚያ ላይ ምንም አላተረፈላችሁም፤ ያጠፋው የሲፒዩ ጊዜ ብቻ ነው። ዘጠነኛው የእሱ ድምር ታሪክ ስለሆነ ዝቅ አይልም። አይታችሁ አትደንግጡ።

አራተኛው ዜሮ ሲሆን «ቦታ አለቀ» ማለት አይደለም። ገደብ አልተደረገበትም ማለት ነው።

ሰው በሌለበት ሰዓት ለክቶ መሄድ

ጠዋት ኮፒ ቤቱ ሳይሞላ ያያችሁት ቁጥር ስለ ከሰዓቱ ግርግር አይነግራችሁም። አምስተኛው ቁጥር ለዚህ የተሠራ ነው፤ ዜድራም የደረሰበትን ከፍተኛ ፍጆታ ይይዛል። በምሳሌያችን 620 ሜጋባይት ደርሶ ነበር። ጠዋት «ሜም ዩዝድ ማክስ» በሚለው ፋይል ላይ 0 ጻፉና ቆጠራውን ከአሁኑ አስጀምሩት። ማታ ስትዘጉ አንብቡት። የዚያን ቀን ጫፍ ታገኛላችሁ።

«ስዋፕ ሞላ» ብሎ በሥራ መሀል ማጥፋት

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። ፍሪ የሚለው ትእዛዝ ስዋፕ 1.2 ጊጋባይት ተይዟል ይላል። ያየው ሰው ይደነግጥና ስዋፑን ያጠፋል። ፍሪ የሚያሳየው ግን ሳይጨመቅ የነበረውን መጠን ነው። ስታጠፉት 1,200ው ሜጋባይት ተፈትቶ ወደ ራም መመለስ አለበት። በምላሹ የሚለቀቀው 440 ብቻ ነው። ያ 760 ሜጋባይት ከየት ይመጣል? ማሽኑ ስታክ ያደርጋል። አለዚያም ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም ይገድላል፤ የሚገደለው ደግሞ የተማሪው ያልተቀመጠ ምዕራፍ የተከፈተበት ሊሆን ይችላል። ማጥፋት ካስፈለገ ፕሮግራሞቹን አስቀድማችሁ ዝጉ።

የስዋፕ ምልልስን ከዲስክ ሥራ ጋር ማምታታት

ቪኤምስታት የሚባለው ትእዛዝ ገጽ ወደ ስዋፕ ሲገባና ሲወጣ ያሳያል። ስዋፑ ዜድራም ከሆነ ይህ ምልልስ ዲስኩን አይነካም፤ የሚደክመው ሲፒዩ ነው። የመጀመሪያውን የውጤት መስመር ደግሞ ዝለሉት። እሱ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ እንጂ የአሁኑ አይደለም። ማሽኑ በእርግጥ ተጨንቆ እንደሆነ ለማወቅ፣ በፕሮክ ማውጫ ውስጥ ፕሬዠር ከሚለው ስር ያለውን የሜሞሪ ፋይል እዩ። ከከርነል 4.20 ጀምሮ አለ። ፕሮግራሞች ራም በመጠበቅ ያጠፉትን ጊዜ በ10፣ በ60 እና በ300 ሰከንድ አማካይ በመቶኛ ያስቀምጣል። ስዋፑ ግማሹ ተይዞ ይህ ቁጥር ዜሮ አካባቢ ከሆነ ማሽኑን አትንኩት። ሥራውን እየሠራ ነው።

ዝስዋፕን ከላይ ደርቦ መርሳት

አንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ዝስዋፕ የተባለው ሌላ ጨማቂ ቀድሞ ተከፍቶ ይገኛል። እሱ ገጾቹን ዜድራም ጋ ከመድረሳቸው በፊት ይይዛቸዋል። ያኔ የዜድራም ቁጥሮች ትንሽ ሆነው ይታዩና «አይሠራም» ያስብላሉ። አንዱን ምረጡ።

መብራት እንደሚጠፋ መርሳት

ፍኖተ ሰላም ሆነ ሞጣ፣ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር በዜድራም ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል። ከመብራት መምጣት በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የተነበበን ቁጥር ከትናንቱ ሙሉ ቀን ጋር ማወዳደር አይቻልም። ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስጀምረው ክሮን ላይ በየ5 ደቂቃው ያቺን አንድ መስመር ከሰዓቱና ማሽኑ ከተነሳ ካለፈው ጊዜ ጋር ዲስክ ላይ ወዳለ ፋይል የሚጨምር አጭር ስክሪፕት አድርጉ። ፋይሉን ዜድራም ላይ በተሠራ ጊዜያዊ ማውጫ ውስጥ እንዳታስቀምጡት ብቻ ተጠንቀቁ።