ጣና ላይ በጀልባ ስትወጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው እሑድ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ አንድ ቤተሰብ ባሕር ዳር ካለው የጀልባ መነሻችን ደረሰ። አባት፣ እናት፣ አያትና ሦስት ልጆች። ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። አያትየው ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ለጠበል የሚሆን ትንሽ ጀሪካን በእጃቸው ይዘዋል። አባትየው «ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ከዚያ ናርጋ ሥላሴ፣ ስንመለስ ዘጌ ቡና ጠጥተን ማታ ሆቴላችን እንገባለን» አለኝ። ዳጋና ናርጋ መሃል ሐይቅ ያሉ ገዳማት ናቸው፤ ዘጌ ደግሞ ገዳማትና የቡና ደን ያሉበት የሐይቁ ዳር ነው።

ለዚያ ሁሉ ረፍዷል፣ አይሆንም አልኩት። አኮረፈ። እናትየው «እማማ ለዚህ ብለው ነው እኮ የመጡት» ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ። አስጎብኚ ነኝና እንዲህ ያለውን ነገር በየሳምንቱ ስለማየው ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው።

አርፍዶ መነሳት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። እባካችሁ ጠዋት ተነሱ። ጠዋት ስል 12 ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ 1 ሰዓት ማለቴ ነው። ቁርስ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ቡና ጠጥቶ 4 ሰዓት ላይ መምጣት ጠዋት አይባልም።

ጣና ማለዳ ላይ እንደ ዘይት የረጋ ነው። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ጥላቸው ውኃው ላይ ሳይሰበር ይታያል። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን የብሱ ይሞቃል፤ ነፋሱም ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል። ከቀትር በኋላ ሞገዱ ይነሳል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ በነፋስ ሲመታ ሞገዱ አጭርና ተከታታይ ይሆናል። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ትንሽ ጀልባ ደግሞ እያንዳንዷን ይቆጥራል።

እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ እንግዳ «ትንሽ እንቆይ፣ ትንሽ እንቆይ» እያለ ዳጋ ላይ አቆየኝ። እምቢ ማለት አፈርኩና 9 ሰዓት አለፈ። ከዳጋ ባሕር ዳር እንደ ሞተሩ አቅም ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ግማሽ መንገድ ላይ ውኃው ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ካፒቴኑ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ እየጨለፈ ይደፋል፤ እኔ የእንግዳዬን የስምንት ዓመት ልጅ በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ ይዣለሁ። ጣቶቿን ሱሪዬ ላይ ጨምድዳ ይዛ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ አላለቀሰችም። የዚያች ልጅ ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ «እንቆይ» ለሚለኝ ሰው ሁሉ በትህትና ሰዓቴን አሳየዋለሁ። ካፒቴናችሁ «እንሂድ» ሲል ተነሱ። ሌላ እንግዳ አስቸኩሎት አይደለም፤ ውኃውን አይቶ ነው።

ሁሉንም ገዳም በአንድ ቀን ለማየት መፈለግ

ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል፤ ከሃያ በማያንሱት ላይ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አለ። አምስቱን በአንድ ቀን የዞረ ሰው ማታ ስጠይቀው የትኛው ሥዕል የት እንደነበር አያስታውስም። ግማሽ ቀን ካላችሁ ዘጌ ብቻ ይበቃል። ሙሉ ቀን ካላችሁ ዳጋንና ናርጋን አድርጉት፤ ዘጌን ለነገ ተዉት። ያን ቤተሰብም ዘጌ ነው የወሰድኳቸው፤ ለዳጋ በማግስቱ ማልደው መጡ።

ሴቶች የማይገቡበትን አለመጠየቅ

ይሄ የሚያሳዝነኝ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ደርሰው ቢለምኑም አይለወጥም። ስንቷ ሴት ገንዘቧን ከፍላ፣ ጸሎቷን ይዛ መጥታ ከወደቡ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ባሏን ትጠብቃለች! ቀድሞ የነገራት የለም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ከነልጃቸው ክብራን ድረስ አድርሼ ነው የነገርኳቸው። «ምነው ልጄ፣ ከባሕር ዳር ብትነግረኝ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እንዲያ የሚያሳፍር ቃል ሰምቼ አላውቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ ሴቶች ይገባሉ። ደብረ ማርያምም፣ የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም እንዲሁ። ዳጋ የሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አብሮ ይያዝ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ያሠሯት ናት፤ ወንዱም ሴቱም ይሳለማል። ወንዶቹ ዳጋ ወጥተው የነገሥታቱን አፅም አይተው ሲመለሱ፣ ሁሉም አብሮ ናርጋ ይገባል። ዳጋ ላይ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም አለ።

ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ማድረግ

ልበሱት። ማሰሪያውንም እሰሩት። ለልጅ የሚሆን ልክ ከሌለ ሌላ ጀልባ ጠይቁ።

ዋጋውን መሃል ሐይቅ ላይ መነጋገር

ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጨርሱ፦ ሒሳቡ ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የት የት ይቆማል? ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? የገዳማቱ መግቢያ ብዙ ጊዜ ከጀልባው ሒሳብ ውጭ ነው፤ ለየገዳሙም ለብቻው ይከፈላል። ዝርዝር ብር ያዙ፤ አንድ ትልቅ ኖት ይዞ ደሴት ላይ የሚመነዝር መፈለግ ቀኑን ይበላል።

ዘጌን እየሮጡ ማለፍ

ዘጌ ላይ ስትወርዱ ወደ ኡራ የሚያወጣው መንገድ በቡና ደን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል። አትሩጡ። በአገሩ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቢሰብሯት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል። ዘጌ ውስጥ መሬት አይታረስም፤ ደኑም እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። የቡናውን ቅጠል ከሥር ቀና ብላችሁ እዩት፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። መንገድ ዳር ጀበና ጥደው የተቀመጡ እናቶች አሉ። ተቀመጡና እስከ በረካ ጠጡ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ ደግሞ ስልካችሁን አውጥታችሁ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አትቅረጹ። ብልጭታ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ቀለሙን ይጎዳዋል። መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩ። ወደ አንዱ ሥዕል ጠርዝ ጠጋ በሉ፤ ሳትነኩ። ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንዳልተሣለ ታያላችሁ። ጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጠርዙ ተላቆ የሸማው ድር ይታያል። ከዚያ በላዔ ሰብእን ፈልጉት። ሰው ይበላ የነበረው፣ ለአንድ ጥማተኛ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ የዳነው ነው። መልካም ሥራው ከኃጢአቱ ጋር በሚዛን ሲቀርብ ልጆች እዚያ ጋ ይቆማሉ። ያችን የእማማን የልጅ ልጅ ከዚያ ሥዕል ፊት ማንሳት አቅቶኝ ነበር። አያትየው ቁጭ ብለው ታሪኩን ከመጀመሪያ ጀምረው ነገሯት፤ እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩ። የማስጎብኘት ሥራ እንዲያ ሲሆን ደስ ይለኛል።

ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መከናነብ ያው የምታውቁት ነው። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ግን ለጉብኝት ብላችሁ አትግቡ፤ እስኪያልቅ ውጭ ጠብቁ።

ጣና ውስጥ መዋኘት

ቢልሃርዚያ የሚባል ከውኃ የሚይዝ በሽታ አለ። እግራችሁንም ዳር ላይ አትንከሩ።

ጉማሬ «ጠጋ አድርግልን» ማለት

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ይታያል። ካፒቴኑ ርቆ ሞተሩን ሲቀንስ የሚቆጡ እንግዶች አሉ። በተለይ ግልገል ይዛ ያለች ጉማሬ ጀልባ መገልበጥ አያቅታትም። ለፎቶ ጉርሻ እየጨመሩ ካፒቴኑን የሚገፋፉትን በጣም ነው የምቃወመው። ልጁ እንጀራ ፈላጊ ነው፤ እምቢ ለማለት ይከብደዋል።

ጀልባና መርከብ ማምታታት

ረዘም ያለ፣ ቀስ ያለ ጉዞ የሚወድ ሰው መርከቡን ይጠይቅ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ ድረስ በየወደቡ እየቆመ፣ ቁንዝላ እያደረ ነው ለዓመታት ሲመላለስ የኖረው። ሰው፣ እህል፣ ዶሮ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ለእኔ ከሽርሽር ጀልባው ይበልጥብኛል። ፕሮግራሙ ስለሚቀያየር ግን በስሚ ስሚ አትምጡ፤ ወደቡ ድረስ ሄዳችሁ ከቢሮው አረጋግጡ።

ጢስ ዓባይን ከሐይቁ ጋር በአንድ ቀን ማጨናነቅ

ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የራሱ ቀን ይገባዋል። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ ሳስቶ ታገኙታላችሁ፤ መስከረምና ጥቅምት ግን ሌላ ነው።

ፕላስቲክ መጣል

ጣናና ዙሪያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እምቦጭ የሚባለው አረም በአንድ በኩል እያነቀው ነው፤ እኛ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ አንጨምርበት። የጠጣችሁበትን ይዛችሁ ተመለሱ።

የእማማ ጀሪካን በማግስቱ ዳጋ ሞላ። እሳቸው ጀልባው ላይ ጠብቀው፣ የልጅ ልጃቸው ወንዱ ነበር ይዞት የወጣው። 7 ሰዓት ሳይሞላ ናርጋን ተሳልመን ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ጀሪካኑን በነጠላቸው ጠቅልለው አቅፈውት ነበር። ነፋሱ ገና መነሳቱ ነው።