ጉዞው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፦ ቡድኑን ከነሞተሩ በሰላም ቤት ማስገባት

በቡድን ሞተር ነድቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ የሚያሰጋው የመጀመሪያው ቀን አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይጠነቀቃል። ጎማውን ይነካካል፣ ርቀቱን ይጠብቃል፣ ከፊት ምልክት ሲሰጡት ያያል። ሰባት ስምንት ቀን ከተነዳ በኋላ ግን ሰውነት ዝሏል፣ ልብ ቤት ገብቷል፣ እጅ ብቻ ነው እጀታው ላይ የቀረው። እኔ የምፈራው ያንን ሰዓት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መንገድ ላይ ሆናችሁ ሁለት ሦስት ቀን ለቀራችሁ ነው። ገና ካልወጣችሁ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው ከመውጣታችሁ በፊት ነው።

እሱም ይህ ነው፦ የመጨረሻውን ቀን አሳጥሩት። ብዙ ቡድን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። መሃል ላይ ቀስ እያለ ሲዝናና ይቆይና «ያው ወደ ቤት ነው» ብሎ 600 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ መጨረሻው ቀን ላይ ይቆልለዋል። በቀን 350 ስትነዱ ከነበረ የመጨረሻው ቀን 200 ይብቃው። ከተቻለ ደግሞ አንድ ባዶ ቀን ተዉ፤ ማለትም በማግስቱ ማንም ሥራ የማይገባበት ቀን ይኑር። ያ ቀን ከሌለ አንዲት የተነፈሰች ጎማ ሁለት ሰዓት ትወስድባችኋለች፣ ሁለቱ ሰዓት ጨለማ ላይ ይጥላችኋል፣ ጨለማው ደግሞ በደከመ ዓይን ነው የሚነዳው።

ስለ ድካም ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያውቀው እየመሰለው የሚያልፈው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ይህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ማለት ነው። አንድ ጠብታ ሳትጠጡ! በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ትሄዳላችሁ። ዓይናችሁ ለሦስት ሴኮንድ ከተከደነ 75 ሜትር ማንም ሳይነዳው የሄደ መንገድ ነው።

ምልክቶቹን ልብ በሉ። ያለፋችሁትን አሥር ኪሎ ሜትር ማስታወስ ያቅታችኋል። ማርሽ ትስታላችሁ። ኩርባ ውስጥ ዘግይታችሁ ትገባላችሁ። ስትቆሙ እግራችሁ መሬት ለመንካት ይዘገያል፤ ይቺን የመጨረሻዋን በጣም አምናታለሁ፣ በጓደኞቼም ላይ የማየው እሷን ነው። አንድ ሰው ሲቆም ሞተሩ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ በመጨረሻ ሰዓት ከያዘው ጓንቱን አስወልቄ አስቀምጠዋለሁ። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ደግሞ ሰውነት በራሱ የሚያንቀላፋበት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ረጅሙን እረፍት እዚያ ላይ አድርጉት። ቡና ቶሎ አይሠራም፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ጠጥታችሁ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጋደም ካላችሁ ሁለቱ አብረው ይደርሱላችኋል። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። የጆሮ መድፈኛም ያልለመዳችሁ አሁን ጀምሩ፤ ሄልሜት ለብሳችሁም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የነፋሱ ጩኸት ከ90 ዴሲቤል በላይ ነው፣ እሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ ሲመታችሁ ያደክማል።

እና የመሰነባበቻው ምሽት! ሁሌም የሚደረገው በመጨረሻው ሌሊት ነው፣ ወሬው ይደራል፣ እንቅልፍ ይረሳል፣ ጠዋት ተነስቶ መንዳት ነው። አንድ ምሽት ቀደም አድርጉት። ሁለት ሌሊት ሲቀር ተጫወቱ፣ በመጨረሻው ሌሊት ተኙ። የጋራ ወጪውንም ያኔውኑ ተሳሰቡ፤ ስለ ገንዘብ ቅር ያለው ሰው ቅሬታውን ይዞ መንገድ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት በፊት ባለው ከሰዓት፣ ሳይመሽ፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት። የምጀምረው ከካቴናው ነው። አንድ ጉዞ ላይ፣ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ጓደኛዬ ሞተሩን ሳያስነሳ በእጁ እየገፋ ወደ ጥላ ሲወስደው «ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሳይሆን ካቴናው ዞሮ እዚያው ቦታ ሲደርስ ነበር የሚጮኸው። ቁጭ ብለን ስናየው አንዲት መገጣጠሚያ ደርቃ አልታጠፍ ብላለች፤ ካቴናው አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር ተወጥሯል፣ ሌላ ቦታ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ ሰውዬ በዚያ ሁኔታ ሁለት ቀን ነድቷል፣ የሞተሩና የነፋሱ ድምፅ ሸፍኖበት አልሰማውም። እስኪቀየር ግማሽ ቀን ቆየን። ባዶ ቀን ስለነበረን ማንም አልተጨነቀም።

ከዚያ ወዲህ በየማታው ሞተሬን አጥፍቼ በእጄ እየገፋሁ አዳምጠዋለሁ። እናንተም ሞክሩት፣ ነጻ ነው። የካቴናውን ልልነት ስትለኩ ጎማውን እያዞራችሁ ሦስት አራት ቦታ ላይ ለኩ፤ እኩል ስለማያልቅ የምታስተካክሉት በጣም በተወጠረው ቦታ ላይ ነው። ስንት ሚሊ ሜትር መሆን እንዳለበት እንደ ሞተሩ ይለያያል፣ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ቀለል ያለ ቅባት በየ500 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ስጡት፣ ዝናብ ከመታው ቶሎ ብላችሁ።

የጎማ ነፋስ ጠዋት ሳትነዱ ነው የሚለካው፤ ከሞቀ በኋላ ልኩ ከፍ ብሎ ይታይና ያታልላችኋል። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ከነዳችሁ ጎማው መሃሉ ላይ ጠፍጥፎ ያልቃል፣ ያኔ ሞተሩ ኩርባ ላይ ዘንበል ለማለት እምቢ ሲል ይሰማችኋል። ብዙ አገሮች የሚፈቅዱት ዝቅተኛው የጎማ ጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ እኔ ግን ጭነት ይዤ እዚያ ድረስ አልጠብቅም። የፍሬን ሸራውን በባትሪ አብርታችሁ እዩ። የፍሬን ዘይቱ ዝቅ ካለ ዝም ብላችሁ አትሙሉት፤ ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ አብሮ ይወርዳልና መጀመሪያ ሸራውን ጠይቁ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ንኩ፣ በተለይ የዕቃ መጫኛውንና የጭስ ማውጫውን፤ ከብዙ ቀን መንቀጥቀጥ በኋላ የሚላላ አይጠፋም።

ጭነቱም እንደ መጀመሪያው ቀን አይደለም። የታጠፈው ልብስ ተጠቅልሏል፣ መንገድ ላይ የተገዛው ዕቃ ከላይ ከኋላ ተደራርቧል። ከኋላ ጎማው አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀለዋል፣ ፍጥነት ሲጨምር መሪው መርገብገብ ይጀምራል። ሁሉንም አውርዱና እንደገና ጫኑ። ከባዱ ወደታችና ወደፊት ይሂድ። የተረፈውን የገመድ ጫፍ ቋጥሩ፣ ካቴናው ውስጥ ከገባ አደጋ ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ ተጠጋግታችሁ መንዳት የሚመጣው ከመተማመን ነው። ሳምንት አብራችሁ ስለነዳችሁ ጓደኛችሁ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ይመስላችኋል፣ ርቀቱም ሳታስቡት ያጥራል። በግራና በቀኝ ረድፍ እየተፈራረቃችሁ ስትነዱ፣ በቀጥታ ከፊታችሁ ካለው ሁለት ሴኮንድ፣ በሰያፍ ከፊታችሁ ካለው አንድ ሴኮንድ፤ ኩርባ ላይ በአንድ ረድፍ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እኔ አንድ ሴኮንድ እጨምርበታለሁ። ከሰባት በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ። የደከመውን ሰው መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት! ሰልፉ እንደ ላስቲክ ይለጠጣልና ከኋላ ያለው ሁሌም እየሮጠ ይደርሳል። ከቡድኑ መሪ ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጉት፣ ፍጥነቱን እሱ ይወስናል። መጨረሻ ላይ የሚሄደው መሣሪያ የያዘው፣ የረጋው ሰው ይሁን። የነዳጅ ማቆሚያችሁንም ሰልባትዮው (የነዳጅ መያዣው) ትንሽ በሆነው ሞተር ለኩ።

መሪ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «የደከመው አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በመጨረሻው ቀን ሌላውን ማዘግየት የሚፈልግ ሰው የለም፣ ሁሉም «ኧረ ደህና ነኝ» ይላል። ይልቅ «እኔ ደክሞኛል፣ እንቁም» በሉና ቁሙ። ሰዉ ከሞተሩ ሲወርድ እዩት፤ ወገቡን የሚይዘው፣ መሬት ላይ ዝርግት የሚለው፣ ዝም የሚለው ማን እንደሆነ ያኔ ይታያችኋል።

ከዚያ መለያየት ይመጣል። ስንብቱን በመጨረሻው ነዳጅ ማደያ ጨርሱት፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ሄልሜት ወልቆ፣ ተቃቅፋችሁ። መገንጠያው ላይ እየነዱ ጥሩምባ መንፋትና እጅ ማውለብለብ ይቅር። አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ሲያውለበልብ የነበረ ልጅ ከመስመሩ ወጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ለትንሽ ሲስት አይቻለሁ፤ እስከዛሬ ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይላወሳል። ከተለያያችሁ በኋላ ማን ፊት ማን ኋላ እንደሚሆን እዚያው ማደያው ላይ ተነጋገሩ። ብቻውን የሚቀረው ሰው ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ቀስ ይበል፤ ለብዙ ቀን የሚከተለው የኋላ መብራት በድንገት ሲጠፋ ፍጥነቱን መገመት ይከብደዋል። ሰፈራችሁ ስትቃረቡም አንዴ ቁሙ፣ አሥር ደቂቃም ቢሆን። መንገዱን ስለምታውቁት አእምሯችሁ ቀድሟችሁ ቤት ይገባል።

አንድ ሰው የሁሉንም ስምና ይደርሱበታል የተባለውን ሰዓት ይያዝ። እያንዳንዱ ሲደርስ «ገባሁ» ብሎ ይጻፍ፣ ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት ካለፈ ይደወልለት። በእኛ ቡድን ዝርዝሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ዕቃዬን አውርጄ፣ ታጥቤ፣ እርጥቡን ጃኬት ሰቅዬ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ የመጨረሻዋ «ገባሁ» እስክትመጣ ድረስ አልተኛም።